አከራያችሁ «ብቻዬን ነው የምኖረው» ብሎ የካውንስል ታክስ ቅናሽ ሲወስድ፦ ልጠቁም ወይስ ዝም ልበል?

ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር በሰው ቤት አንድ ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩ ወገኖች ነው። አከራዩ እዚያው ቤት ይኖራል። ኩሽናውና ሻወሩ የጋራ ነው። ቤቱ ይመቻል፣ አከራዩም ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያ አንድ ቀን «በዚህ አድራሻ ደብዳቤ እንዳይመጣብሽ፣ እሺ?» ይባላል።

ሰፈራችን ውስጥ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር)፣ የባንክና የሆስፒታል ደብዳቤ ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንብቤ አስረዳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ይህ የአድራሻ ጣጣ በተደጋጋሚ ያጋጥመኛል። ሥሩ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ አከራዩ ለካውንስሉ ብቻዬን ነኝ ብሎ ከታክሱ ላይ 25 በመቶ ያስቀንሳል። ተከራዩ ይህን ሲያውቅ ይጨነቃል። ልጠቁም? ዝም ብል እኔም እጠየቃለሁ? ከቤት ብባረርስ?

የምመክረው ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ ነገሩ እውነት ማጭበርበር መሆኑን ማጣራት። ቀጥሎ ራስን ማስጠበቅ። ከዚያ ከአከራዩ ጋር መነጋገር። መጠቆም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለአንዳንዱ ሰው ጭራሽ ላያስፈልግም ይችላል። የማልደራደርበት ግን አንድ ነገር አለ። እዚያ ቤት እየኖራችሁ የማትኖሩ መስላችሁ መደበቅ የለባችሁም።

ቅናሹ ምንድን ነው?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ካውንስል ታክስ በፈረንጆች 1993 የተጀመረ የቤት ግብር ነው። በእንግሊዝ ቤቶች ከ«ኤ» እስከ «ኤች» በሚባሉ ባንዶች ይመደባሉ። ምደባው የተሠራው ቤቱ በ1991 ሊያወጣ ይችል በነበረው ዋጋ ነው። ሙሉው ሂሳብ የሚታሰበው ቤቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ሰው እንደሚኖር ተደርጎ ነው። ዕድሜው 18 የሞላው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሩቡ ይቀነሳል። ይህ ሲንግል ፐርሰን ዲስካውንት የሚሉት ነው።

ለ2025/26 በእንግሊዝ የባንድ «ዲ» አማካይ ክፍያ 2,280 ፓውንድ ነበር። ሩቡ 570 ፓውንድ ነው። አንድ አከራይ ሦስት ዓመት ዝም ቢል ከ1,600 ፓውንድ በላይ ይሆናል። «ከመንግሥት ኪስ ነው፣ ምን አለበት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያመኛል። ይህ ገንዘብ ቆሻሻ ከማንሳት በላይ የሚሄደው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ ነው ኬር ውስጥ የሚሠራው? በየቤቱ እየዞረ አረጋዊ የሚያጥበው ልጅ ደመወዝ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ካውንስሉ ሲጎድልበት የእሱም ሰዓት ሊቆረጥ ይችላል።

ውሸት መሆኑን አጣሩ

ለመጠርጠር አትቸኩሉ። ሁለት ሰው እየኖረበት ቅናሹ ሕጋዊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካውንስሉ ሲቆጥር የሚያልፋቸው ሰዎች አሉና። የሙሉ ጊዜ ተማሪ አይቆጠርም። እናንተ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ከሆነ አከራያችሁ ቅናሹን መውሰዱ ትክክል ነው፤ ምናልባትም ከዩኒቨርሲቲው ማስረጃ አምጡ ያላችሁ ለዚህ ይሆናል። የነርስ ተማሪም አይቆጠርም። አፕረንቲስ (እየሠራ ሙያ የሚማር) ሆኖ ሳምንታዊ ክፍያው ከ195 ፓውንድ ያልበለጠ፣ ከባድ የአእምሮ ጉዳት እንዳለበት ሐኪም ያረጋገጠለት ሰው፣ አንዳንድ አብረው የሚኖሩ አስታማሚዎችም እንደዚሁ።

ሌላው ዋና መኖሪያ የሚሉት ነገር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሥራ ለንደን እያደራችሁ ቤተሰባችሁና ዋናው ቤታችሁ በርሚንግሃም ከሆነ፣ ለንደን ያለው ክፍል ዋና መኖሪያችሁ ላይሆን ይችላል።

የአከራዩን ደብዳቤ ከፍታችሁ ለማየት ግን እንዳትሞክሩ። የሰውን ፖስታ ባለቤቱን ለመጉዳት ብሎ መክፈት ራሱ ወንጀል ነው። ካውንስሉ ዘንድ ደውላችሁ «እሷ ቅናሽ ትወስዳለች?» ብትሉም አይነግሯችሁም፤ የሰው ምስጢር ነው። እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከአከራዩ አፍ ነው። ወይም ሂሳቡ መጋቢት አካባቢ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ወረቀቱን የማያውቅ ሰው ቁጥሩ ብቻ ያስደነግጠዋል። ከላይ ባንዱ አለ። ከሥሩ የካውንስሉ ድርሻ፣ የፖሊስ ድርሻ፣ ለንደን ከሆነ የከንቲባው መሥሪያ ቤት ድርሻ ይደረደራል። ከድምሩ በታች የመቀነስ ምልክት ያለበት መስመር ካለና 25 በመቶ ከተጻፈበት ቅናሹ ያ ነው።

ዕዳው የማን ነው?

የአከራዩ ነው። የ1992ቱ ሕግ ካውንስል ታክስ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በተራ ይደረድራል። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ባለቤት ከሁሉ ይቀድማል፣ ባለቤት ከሌለ የቤቱ ዋና ተከራይ ይከተላል። ክፍል የተከራየ ሎጀር ከእነሱ ጋር እየኖረ ተጠያቂ አይሆንም። ቅናሹ ቢሰረዝ፣ የኋላው ዕዳ ቢመጣ ሂሳቡ በእናንተ ስም አይመጣም። ጠቁሙ የሚል የሕግ ግዴታም የለባችሁም። ግን ካውንስሉ እዚህ ቤት የሚኖረው ማነው ብሎ በጽሑፍ ቢጠይቃችሁ እውነቱን መመለስ አለባችሁ። «እዚህ አልኖርም፣ እንግዳ ነኝ» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ደግሞ ውሸቱን መካፈል ነው። አትፈርሙ።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። አከራዩ በስም እዚህ ሆኖ በተግባር አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የሚኖር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ዋና መኖሪያው አይደለምና እናንተም ተራ ሎጀር ላትሆኑ ትችላላችሁ፤ የታክሱም ጣጣ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። ይህ የገጠመው ሰው ብቻውን ከመወሰኑ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት ሄዶ ይጠይቅ።

ከተደበቃችሁ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ

አንዲት የማውቃት ልጅ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ክፍሏ አልጋና አንድ ሻንጣ ብቻ የሚይዝ ነው። አከራይዋ ደብዳቤ እንዳይመጣ ስላለቻት የጓደኛዋን አድራሻ ሰጠች፤ የለንደን ሌላኛው ጫፍ። ጓደኛዋ ቤት ቀየረች። የሆስፒታል ቀጠሮዋ ደብዳቤ የቀድሞው ቤት ውስጥ ቀረ። ቀጠሮው አለፈ፣ ሆስፒታሉም ወደ ጂፒዋ (የሰፈር ሐኪሟ) መለሳት፣ ወረፋውን እንደገና ከመጀመሪያ ጀመረች። በዚህ ሁሉ ላይ አከራይዋ በየወሩ 50 ፓውንድ «የካውንስል ታክስ ድርሻሽ» እያለች ትቀበላት ነበር። በዓመት 600 ፓውንድ ነው። በአንድ በኩል ካውንስሉን ሰው የለም ትላለች፣ በሌላ በኩል የሌለውን ሰው ታስከፍላለች። ልጅቷ ይህን ያወቀችው ቁጭ ብለን ስንደምረው ነው። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

የአድራሻ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ባንክ ሲሄድ ይቸገራል፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ይቸገራል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ) ላይ የኪራይ እርዳታ ሲጠይቅ የሚኖርበትን ቤትና የሚከፍለውን ማሳየት አለበት። ኢቪዛ (በኢንተርኔት የሚታይ የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ሰው አካውንቱ ላይ አድራሻውን ማደስ ይኖርበታል። ነገ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ሲጠይቅ ለሆም ኦፊስ (ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) የሰጠው አድራሻ ሌላ፣ የባንኩ ሌላ፣ የሥራው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ማብራራት ያለበት እሱ ራሱ ነው። ያን ጊዜ አከራዩ አጠገቡ አይቆምም።

ደግሞም መደበቁ አያዋጣም። አንዳንድ አከራይ «የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንግሊዝ ውስጥ መራጭ ሆኖ አይመዘገብም፣ ስለዚህ አይታወቅም» ይላል። እውነት ነው፣ ካውንስሎች ናሽናል ፍሮድ ኢኒሼቲቭ በሚባለው የመንግሥት የማጭበርበር ማጣሪያ በኩል የቅናሽ ተቀባዮችን ዝርዝር ከመራጮች መዝገብ ጋር ያስተያያሉ፤ የእኛ ሰው እዚያ ላይገኝ ይችላል። ግን የክሬዲት መረጃ ድርጅቶችንም ዳታ ይጠቀማሉ። የባንክ አካውንት ወይም የስልክ ኮንትራት በዚያ አድራሻ ካለ ስም ይወጣል። ከዚያ ለአከራዩ «አሁንም ብቻዎን ነው የሚኖሩት?» የሚል ፎርም ይደርሰዋል። እዚያ ላይ ዋሽቶ ከፈረመ ረሳሁ ማለት አይችልም።

ከመናገራችሁ በፊት ክፍሉን አስቡ

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። ከአከራይ ጋር ኩሽና ወይም ሻወር የሚጋራ ሎጀር በእንግሊዝ ሕግ ጥበቃው ስስ ነው። አከራዩ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። በቂ የሚባል ማስጠንቀቂያ መስጠት ብቻ ይበቃዋል። በየወሩ የምትከፍሉ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ነው፤ በየሳምንቱ ከሆነ አንድ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ውል ካላችሁ ውሉ ላይ ያለው ይሠራል። የማስያዣ ገንዘባችሁም እንደ ሌላ ተከራይ በመንግሥት በተፈቀደ ተቋም መቀመጥ ግዴታው አይደለም፤ አከራዩ ኪስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት ኪራዩን በጥሬ ብር መክፈል አቁሙ። በባንክ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ «ኪራይ» ብላችሁ ወሩን ጻፉ። ውል ከሌለ አንድ ገጽ ወረቀት ላይም ቢሆን ይጻፍ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የኪራይ መጠን፣ ምን እንደሚያካትት፣ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ። «ካውንስል ታክስ ተካትቷል» የሚለው ቃል ይግባበት። ደብዳቤ እንዳይመጣ የተባለበትን የዋትሳፕ መልእክት አታጥፉ። ለሁለት ሳምንት እንኳ የሚያስጠጋችሁ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ወይም ያልተስተካከለ ነገር ካለ፣ ማንኛውንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ አነጋግሩ።

አነጋገሩን ማወቅ ነው

እኔም አሁን አንድ ክፍል አከራያለሁ። ልጁ ሲገባ ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ ቀኑን ሞላሁ። ስሙን ጻፍኩ፣ ቅናሹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነሣ፣ አዲስ ሂሳብ መጣ። ሻይ ፈልቶ ሳይቀዳ አለቀ። ሕጉ ለውጥ ሲኖር በ21 ቀን ውስጥ ማሳወቅን ይጠይቃል፤ አለማሳወቅ 70 ፓውንድ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። የኋላው ተሰልቶ ይከፈላል። ራሱ ቀድሞ ለተናገረ ሰው ነገሩ ብዙውን ጊዜ በዚህ ያበቃል፣ ዕዳውንም በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል መጠየቅ ይቻላል። ተደርሶበት ሲዋሽ ለተገኘ ግን በማጭበርበር ሕግ እስከ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ይህን ለአከራያችሁ በሰላም ንገሩ። በስልክ ጽሑፍ አይሆንም፣ ሰው በተሰበሰበበትም አይሆንም። ቡና ላይ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ጥሩ ነው። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላንሳና እንዳይከፋዎት። ለባንኩም ለሆስፒታሉም የምኖርበትን ትክክለኛ አድራሻ መስጠት አለብኝ። ካውንስሉ እኔ እዚህ መሆኔን ካላወቀ ኋላ እርስዎ ላይ ችግር ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ከፈለጉ ፎርሙን አብረን እንሙላው።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሌባ አላላችኋቸውም፣ አልዛታችሁም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ሌላ ፍርሃቱን ያወጣል። አንዷ «ዩኒቨርሳል ክሬዲቴን ይቆርጡብኛል» ትላለች። ከሎጀር የሚገኝ ኪራይ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት እንደ ገቢ አይቆጠርም። ሌላው «የካውንስል ቤት ስለሆነ ያስወጡኛል» ይላል። ቋሚ ውል ያለው የካውንስል ተከራይ ራሱ እየኖረበት ሎጀር ማስገባት መብቱ ነው፤ ወንጀሉ ቤቱን በሙሉ አከራይቶ መውጣት ነው። «የገቢ ግብር ይመጣብኛል» የሚልም አለ። መኖሪያ ቤቱ ውስጥ የቤት ዕቃ የተሟላለት ክፍል የሚያከራይ ሰው በዓመት እስከ 7,500 ፓውንድ ድረስ ከግብር ነፃ ነው፤ በወር 625 ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ለዚህች ቅናሽ ሲሉ የሚዋሹ ሰዎች የሚፈሩት የሌለ ነገር ነው። ስታስረዷቸው ይቀልላቸዋል።

ኪራዩ በዚህ የተነሳ ትንሽ ቢጨምርስ? ለምሳሌ ቅናሹ በዓመት 570 ከሆነ በወር 47 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ነው። አከራዩ ግማሹን ልታካፍሉኝ ቢል በሰላም መነጋገር ይቻላል። በስማችሁ አድራሻ ማግኘት ዋጋ አለው።

መጠቆም መቼ?

እኛ ቤት ጠቋሚ መባል ቀላል ነገር አይደለም። በቀበሌና በአብዮት ጥበቃ ዘመን ስንት ቤት በጆሮ ጠቢ ፈረሰ። ያ ፍርሃት አሁንም አብሮን ነው፤ በዚህ አልወቅስም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሮጦ ይጠቁም አልልም።

አከራዩ ሰምቶ ካስተካከለ ነገሩ አለቀ፤ የኋላውን ሂሳብ የሚጠይቀው ካውንስሉ ነው። ያረጁ፣ ቋንቋ የማያውቁ፣ ፎርሙን ድሮ ልጃቸው የሞላላቸው እናት ከሆኑ እርዷቸው። እነሱን መጠቆም ግፍ ነው። ሰምቶ እምቢ ካለ፣ ደብዳቤያችሁን ከደበቀ ወይም ከጣለ፣ «ለካውንስል ብትናገሪ ወረቀትሽን አሳይሻለሁ» ብሎ ካስፈራራ፣ ወይም እንደዚያች ልጅ የሌለ ታክስ ካስከፈለ፣ እኔ ብሆን ክፍል ፈልጌ ወጥቼ እጠቁማለሁ። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ሻንጣውን ይዞ እዚያ ቤት ይገባልና።

ከመውጣታችሁ በፊት ብትጠቁሙ አንድ እውነት እወቁ። ስም ሳይሰጡ መጠቆም ይቻላል፣ ካውንስሉም ማን እንደተናገረ ለአከራዩ አይነግርም። ቤቱ ውስጥ ያላችሁት ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ግን አከራዩ ወዲያው ይገምታል።

መጠቆሚያው የቤቱ ካውንስል ድረ ገጽ ላይ ነው። ማጭበርበር ማሳወቂያ የሚል ቦታ አለው፣ ስልክም አለ። የቤቱን አድራሻ፣ የአከራዩን ስም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትኖሩ ወይም እንደኖራችሁ ጻፉ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። «ቤኔፊትም ይበላል መሰለኝ» እያላችሁ አትጨምሩ። ያ ጉዳይ የሚታየው በሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ በግምት የሰው እንጀራ አይነካም።

ይህን ጉዳይ መያዣ አድርጋችሁ ደግሞ አትደራደሩበት። «ማስያዣዬን ካልመለስክ ለካውንስል እናገራለሁ» ማለት በእንግሊዝ ሕግ ማስፈራራት ተብሎ እናንተኑ ሊያስከስስ ይችላል። ማስያዣችሁን ለብቻው ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ስሞል ክሌምስ (አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚታይበት ፍርድ ቤት) አለ። ጥቆማውም ለብቻው ይሁን።

ከጠቆማችሁ በኋላ መልስ አትጠብቁ። ካውንስሉ ምን እንዳደረገ አይነግራችሁም። ወራት ሊወስድም ይችላል። በዚያ መሃል ከቤት ውጡ ከተባላችሁ ወይም ቁልፍ ከተቀየረባችሁ ሼልተር የሚባለው የቤት ችግር ያለበትን የሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ነፃ የስልክ መስመር አለው፣ ሲቲዝንስ አድቫይስም በነፃ ያማክራል። ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። «አከራዬ አብሮኝ ይኖራል፣ ኩሽና እንጋራለን» የሚለውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፤ የምትሰሙት ምክር በሙሉ የሚለወጠው በዚያ ነው።